አስታማሚ ሲሆኑ፦ ነርሶች ምን ይመለከታሉ? እርስዎስ መቼ ይጥሯቸው?

ሆስፒታል ከተኛ ሰው አጠገብ ቀንም ሌሊትም የሚቆየው አስታማሚው ነው። ተረኛ ነርስ ብዙ አልጋ ይዞራል፤ እርስዎ ግን አንድ ታማሚ ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ የወትሮ ጠባዩንም ያውቃሉ። ስለዚህ ሁኔታው መለወጥ ሲጀምር ቀድመው የሚያስተውሉት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ነርሶች ምን እንደሚመለከቱ፣ ማንን እንደሚያስቀድሙና የትኛው ምልክት እስኪነጋ የማይጠበቅ እንደሆነ ያስረዳል።

ነርሶች ማንን ያስቀድማሉ?

ነርሶች ለሙያ ፈቃድ ፈተና ሲዘጋጁ የመድኃኒት ስምና መጠን ማጥናት ብቻ አይበቃቸውም። «አራት ታማሚዎች አሉ፤ መጀመሪያ የሚታየው የትኛው ነው?» የሚል ዓይነት ጥያቄም ይቀርብላቸዋል። መልሱ የሚፈለገው በቅደም ተከተል ነው፦ የአየር መተላለፊያው ክፍት ነው? ትንፋሹ በቂ ነው? ደም በደንብ እየተዘዋወረ ነው? ታማሚው ራሱን ያውቃል?

በዚህ ምክንያት በሕመም ከሚጮኸው ሰው በፊት፣ ድምፁን ሳያሰማ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሊታይ ይችላል። ነርሷ አልጋዎን አልፋ ወደ ሌላ ስትሄድ ሁልጊዜ ችላ ብላችሁ ነው ማለት አይደለም።

የሚለኩት ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

ዕረፍት ላይ ባለ አዋቂ ሰው በአብዛኛው የሚጠበቁት መጠኖች እነዚህ ናቸው፦

• ትንፋሽ፦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20
• የልብ ምት፦ በደቂቃ ከ60 እስከ 100
• የሰውነት ሙቀት፦ ከ36 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ
• የደም ግፊት፦ 120/80 አካባቢ፤ የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች ከወረደ አፋጣኝ ትኩረት ይፈልጋል
• በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅን፦ ከ95 እስከ 100 በመቶ፤ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ጤነኛ ሰውም ትንሽ ዝቅ ሊልበት ይችላል

ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ለውጡ ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ የላይኛው የደም ግፊታቸው ወትሮ 160 የሆነ አዛውንት ድንገት ወደ 105 ቢወርድባቸው፣ ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ለእሳቸው ግን ትልቅ መውረድ ነው። የወትሮውን መጠን ካወቁ ለነርሷ ይንገሩ።

የታማሚ ሁኔታ ሲባባስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሽ ነው። ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም። ታማሚው ዐርፎ ሳለ፣ እየቆጠሩ መሆኑን ሳይነግሩት፣ የደረቱን መነሣት ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በሕፃናት ላይ ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ወዲያውኑ ነርስ የሚጠራባቸው ምልክቶች

• ትንፋሽ ማጠር፣ ማቃሰት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ወይም ዐረፍተ ነገር መጨረስ አለመቻል
• አዲስ የመጣ መቃዠት፣ ቦታና ሰው አለመለየት፣ ወይም ለማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ
• ከባድ የሕመም ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ ከመጠን ያለፈ መደንዘዝና የትንፋሽ መዘግየት። ይህን «እንቅልፍ ወሰደው» ብለው አይለፉት
• ቀዝቃዛ ላብ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የቆዳ መገርጣት
• የደረት ሕመም፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን መስነፍ
• ከቁስል የማይቆም ደም፤ በወለደች እናት ላይ አንድ ሞዴስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መራስ
• ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት
• ደም እየተሰጠ ሳለ ማሳከክ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት ወይም የወገብ ሕመም
• ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት

እንዴት ይንገሩ?

«ደህና አይደለም» ከማለት ይልቅ ማንነቱን፣ የነበረበትን ሁኔታ፣ የተለወጠውንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገሩ። ለምሳሌ፦

«ሲስተር፣ የ7 ቁጥር አልጋ አስታማሚ ነኝ። አባቴ ትናንት ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል። እስከ ማታ በደንብ ያወሩ ነበር። ከአንድ ሰዓት ወዲህ ግን እኔንም አልለዩኝም፤ ትንፋሻቸውን ስቆጥር 28 ሆነ። እባክዎ አሁን መጥተው ይዩልኝ።»

እንዲህ ሲነገራቸው ነርሶች ለመወሰን የሚያስፈልጋቸውን በአንድ ጊዜ ያገኛሉ። መልስ ካላገኙ ይድገሙ፤ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ወይም ተረኛ ሐኪሙን ይጠይቁ። «አስቸገርኩ» ብለው አይፈሩ።

ማድረግ የሌለብዎት

• «ምንም እንዳይቀምስ» ከተባለ ውኃም ቢሆን አይስጡ። በማደንዘዣ ጊዜ በሆድ ያለው ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
• ራሱን በደንብ ለማያውቅ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ።
• የግሉኮሱን ፍጥነት ወይም የኦክስጅኑን መጠን በራስዎ አይለውጡ።
• ከቤት ያመጡትን መድኃኒት ወይም የባህል መድኃኒት ነርሷ ሳታውቅ አይስጡ።
• መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ስም ሲጠየቅ አይሰልቹ። የሌላ ሰው መድኃኒት እንዳይሰጥ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ካልተጠየቁም ስሙንና አለርጂ ካለበት ራስዎ ይንገሩ።

ከሆስፒታል ሲወጡ

ከመውጣትዎ በፊት «ቤት ሆነን የትኛውን ምልክት ስናይ እንመለስ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ጽፈው ይያዙ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ መረጃ የጤና ባለሙያ ምርመራን አይተካም። ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ታማሚው እንደ ወትሮው ካልሆነብዎ ነርስ ይጥሩ።