ወሬ

ወሬ በአማርኛ የተሰማ ወይም የሚነገር አዲስ ነገር ማለት ነው። በዕለት ንግግር «ዜና» የሚለውን ቃል ይተካል፤ እንደ አገባቡ ግን ሐሜት ወይም ያልተረጋገጠ ነገር ማለትም ይሆናል። አማርኛ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋ በመሆኑ፣ ሀዲይኛና ከምባትኛ በሚነገርባቸው በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ከተሞችም ቃሉ የተለመደ ነው።

አመጣጥ

«ወሬ» እና «አወራ» የሚለው ግስ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። «ዜና» ደግሞ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ግሱ «ዜነወ» ነው፤ ትርጉሙም ነገረ፣ አበሰረ ማለት ነው። «ዜና መዋዕል» እና «ዜናዊ» የሚለው የሰው ስም ከዚሁ ይወጣሉ።

ትርጉም

ቃሉ በራሱ መጥፎ ትርጉም የለውም። «ወሬ ነጋሪ» ከጦርነት ተርፎ የሆነውን ለአገሩ ሰው የሚያደርስ ነው፤ «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» ሲባል ሁሉም አለቁ ማለት ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም (ማቴዎስ 24፥6) ከሩቅ ለሚሰማ ጦርነት የገባው ቃል «ወሬ» ነው።

ዛሬ ሬዲዮና ጋዜጣ የሚጠቀሙት «ዜና»ን ነው፤ «ወሬ» በብዛት የሚሰማው በሰፈርና በቡና ሰዓት ነው። «ምን ወሬ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ነገር መስማት ይፈልጋል እንጂ ሰው እንዲታማለት አይጠይቅም። «ወሬኛ» ግን ስድብ ነው። «ወሬ ብቻ» ሲባልም በሥራ የማይገለጽ ንግግር ማለት ነው።

ተዛማጅ አባባሎች

• ወሬ አቀባይ፦ የሰማውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልስ ሰው።
• የበሬ ወለደ ወሬ፦ ፈጽሞ ሊሆን የማይችል፣ የፈጠራ ወሬ። በሬ ስለማይወልድ የተባለ ነው።
• አሉባልታ፦ ተናጋሪው የማይታወቅ፣ «አሉ» እየተባለ የሚዛመት ወሬ።
• «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር»፦ የሰሙትን ሳያመዛዝኑ እንዳይቀበሉ የሚመክር ምሳሌያዊ አነጋገር።

በሕግ

ወሬ ሰው ሊያሸብርና ሊያጋጭ ስለሚችል ሕግም ይመለከተዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 486 በሐሰት ወሬ ሕዝብን ማነሳሳትን ወንጀል አድርጎት ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና «ሐሰተኛ መረጃ» ማሰራጨትን ይከለክላል። ስያሜው ከ«ወሬ» ወደ «መረጃ» ቢለወጥም፣ ሁለቱም ሕጎች ሐሰት የሆነ ነገር በሕዝብ መካከል ሲሰራጭ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመከላከል የወጡ ናቸው።