ስለ ሁለቱ ደረጃዎችና ስለ ሙቀት የተደረገ ምርምር

እኛ በዓለም ባንክ የምንማር ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ የነገሥታትንና የጦርነትን ታሪክ የሚጽፍ ብዙ ነውና፥ የአንድ አሳብ ታሪክ መረጥን። ምክንያትም አለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲካዊ ፊዚክስ ምሁር ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ሳለ እስረኞችን ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። እኛ ሰሌዳና ጠመኔ እያለን «ይከብደናል» ማለት አሳፈረን።

አሳቡ እንዲህ ነው። አንድ መቶ አተሞች ሁለት ደረጃ ብቻ ባለው ቤት ይኖራሉ እንበል፤ ምድር ቤትና ፎቅ። ፎቅ ለመውጣት ኀይል ያስፈልጋል፤ ኀይሉንም ሙቀት ይሰጣል። ስንቱ ላይ፥ ስንቱ ታች እንደሚሆን የሚወስነውን ሕግ ያስገኘው የኦስትሪያው ሊቅ ሉድቪግ ቦልትስማን ነው። ኤርንስት ማኽን የመሳሰሉ ታላላቅ ሰዎች አተም መኖሩን ስላልተቀበሉ፥ ቦልትስማን በ1906 ሲሞት ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር።

በሕጉ መሠረት አሰላን። የሙቀቱ ንቅናቄ ኀይል የደረጃው ሩብ ሲሆን ፎቅ ያሉት 2 ብቻ ናቸው፤ እኩል ሲሆን 27፥ እጥፍ ሲሆን 38። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢግል 50 አይሞሉም። በ1922 ጀርመናዊው ቫልተር ሾትኪ ከዚህ አንድ ነገር አወጣ፤ ይኸውም እንዲህ ያለው አካል ሙቀት የመቀበል ችሎታው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ኋላ ይወርዳል፤ ሁለቱ ደረጃዎች ወደ እኩልነት ሲቀርቡ ተጨማሪ የሚወጣ ጥቂት ነውና።

ከመካከላችን አንዱ፥ «ታዲያ ከ50 በላይ ፎቅ ቢገኙስ?» አለ። ሳቅንበት። ኋላ ስናነብ ግን፥ ኤድዋርድ ፐርሰልና ሮበርት ፓውንድ በ1951 ይህንኑ አድርገውታል። በሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ላይ የማግኔቱን አቅጣጫ በድንገት ቢገለብጡት፥ ታች የነበሩት የአተም እምብርቶች ለጥቂት ደቂቃዎች ላይኛው ደረጃ ላይ ተገኙ። ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው ሙቀት ከዜሮ በታች የሆነ ቍጥር ነው፤ ነገር ግን በረዶ አይደለም፤ ከየትኛውም ትኩስ ነገር ጋር ቢነካካ ሙቀቱ የሚፈሰው ከእርሱ ወደዚያ ነው። ጓደኛችንን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ የጻፈውም እርሱ ነው።