ከውዝፍ ግብር እስከ ማዳበሪያ ድጎማ

የመንግሥት ግምጃ ቤትና የገበሬው ጎተራ በምን ዓይን ሲተያዩ እንደኖሩ ለመረዳት የሚሻ ሰው፥ የብቸናንና የሞጣን አገር ታሪክ መመርመር ይገባዋል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ባሳነጿት በመርጡለ ማርያም ደብር አካባቢ የሚኖረው የእነብሴ ገበሬ፥ ለካህኑም ለባለ ጉልቱም መስጠትን ከአያቶቹ ተምሯል። ከመንግሥት መቀበልን ግን የሚነግረው ሽማግሌ አልነበረውም።

በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፥ መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፍሎ በጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር ተመደበበት። በ1937 ዓ.ም. አዋጁ በአዲስ ሲተካ ግን፥ ጎጃም እንደ ትግሬና እንደ በጌምድር በጋሻ ሳይለካ በጥንቱ ልክ እንዲከፍል ተተወ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ርስቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ እንጂ በገመድ የሚሸነሸን አልነበረምና። ስለ ግብር የተነሣው ብጥብጥ በ1942 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ታይቶ ነበር።

ታላቁ ሁከት የመጣው ግን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፥ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ይላል። ነገር ግን ምርቱን የሚገምት ሰው ወደ ማሳው መግባት ነበረበት። ገበሬውም በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ከቃላድ በኋላ መሬቱ ከማን እጅ እንደወጣና ወደ ማን እጅ እንደገባ ሰምቷል፤ ስለዚህ ገማቹን የቃላድ ጣይ መንገድ ጠራጊ አድርጎ ቆጠረው። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብ ማዘዛቸው ቁጣውን አባባሰው። ጠመንጃውና ርስቱ በአንድ ዘመን ሲጠየቁ፥ የጎጃም ሰው ዝም ይላል ብሎ የገመተ ሹም አገሩን አያውቅም ማለት ነው! ሞጣና ብቸና ሸፈቱ፤ ጦር ተላከ፥ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በዓመቱ መጨረሻ ደጃዝማቹ ወደ ከፋ ተዛወሩ። ቀጥሎም ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ተሰረዘ።

በእኔ አስተያየት፥ ግምጃ ቤት ለዚህ አገር ገበሬ በአንድ ጊዜ የለቀቀው የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ ይህ ነው። ሆኖም ታስቦ የተሰጠ እርዳታ አልነበረም፤ መሰብሰብ ያልተቻለ ዕዳ ነበር። ተጠቃሚውም ባለ ውዝፉ እንጂ በጊዜው የከፈለው አልነበረም፤ ስለዚህ ከፋዩ ተጎዳ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ርስት ከቀረ በኋላ፥ የገበሬውና የመንግሥት ጉዳይ ወደ ማዳበሪያ ዞረ። የማዳበሪያ ድጎማ እስከ 1989 ዓ.ም. ተሰጥቶ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው የገበያውን ዋጋ ብቻውን ተሸከመ። የዓለም ዋጋ ወደ ሰማይ በወጣበት በ2014 ዓ.ም. ግን መንግሥት እንደገና 15 ቢሊዮን ብር መደበ።

ይህ ገንዘብ በገበሬው መዳፍ ላይ አይቆጠርም። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የኩንታሉ ዋጋ ቀንሶ ይገኛል፤ የቀነሰውን ያህል የሚያውቀውም ሙሉውን ዋጋ የነገሩት ሰው ብቻ ነው። የእነብሴ ገበሬ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ጤፉ ከመዘራቱ በፊት ይደርሳል ወይስ አይደርስም?