የኤክሴል አቋራጭ መንገዶች፡ ጊዜን የሚቆጥቡ፣ ከስህተትም የሚጠብቁ

የሴሚስተሩ ፈተና ተጠናቅቆ ውጤት የሚጠናቀርበት ሳምንት ሲደርስ የክፍል ኃላፊ መምህራን ሥራ ይበዛል። 60 ተማሪዎች ያሉት አንድ ክፍል 10 የትምህርት ዓይነቶች ቢኖሩት 600 ውጤቶች ይመዘገባሉ፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ስም ትይዩም ድምር፣ አማካይና ደረጃ ይሰፍራል። ቀድሞ በካልኩሌተር እየተሰላ በወረቀት ሮስተር ላይ ይገለበጥ የነበረው ይህ ሥራ በብዙ ትምህርት ቤቶች ወደ ኤክሴል ተሸጋግሯል።

መሣሪያው ስለተቀየረ ብቻ ግን ሥራው አይፈጥንም። በካልኩሌተር ደምሮ ውጤቱን ብቻ ኤክሴል ላይ የሚጽፍ ሰው፣ ኮምፒዩተሩን ከጽሕፈት መኪና በላይ አልተጠቀመበትም። የደመወዝ ዝርዝር የሚያዘጋጅ የሒሳብ ሠራተኛም ሆነ ንብረት የሚመዘግብ ባለሙያ ተመሳሳይ ልማድ ይታይበታል።

የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ታሪክ ረጅም አይደለም። ዳን ብሪክሊን እና ቦብ ፍራንክስተን የሠሩት ቪዚካልክ እ.አ.አ በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ቀረበ። በ1983 ሎተስ 1-2-3 ተከተለ። ማይክሮሶፍት ኤክሴልን በ1985 በመጀመሪያ ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ደግሞ ለዊንዶውስ አወጣ። የሁሉም መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ አንድ ቁጥር ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ስሌቶች ሁሉ በራሳቸው ይስተካከላሉ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስልቶች ይህን ጥቅም በተሟላ ሁኔታ ለማግኘት ያግዛሉ።

ማውዝ ሳይነኩ መንቀሳቀስ

አንድ የኤክሴል ሉህ 1,048,576 ረድፎችና 16,384 ዓምዶች አሉት። በዚህ ስፋት ውስጥ በማውዝ እየጎተቱ መፈለግ ጊዜ ይበላል። ‘ኮንትሮል’ን ተጭኖ የቀስት ቁልፍ መንካት መረጃው እስከሚያበቃበት ጠርዝ ድረስ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ‘ሺፍት’ ሲጨመርበት በመካከል ያለው ሁሉ ይመረጣል። ‘ኮንትሮል’ እና ‘ሆም’ ወደ ሉሁ መጀመሪያ ሲመልሱ፣ ‘ኮንትሮል’ ከ‘ፔጅ አፕ’ ወይም ከ‘ፔጅ ዳውን’ ጋር ከአንዱ ሉህ ወደ ሌላው ያሻግራል።

ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን የዓምዶቹ ርእስ ከዓይን ይሰወርና የሒሳብ ውጤት በፊዚክስ ዓምድ ሊጻፍ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ከርእሱ ረድፍ በታች፣ ከስም ዓምዱም በስተቀኝ ያለውን ሴል መርጦ ‘ቪው’ ከሚለው ዝርዝር ‘ፍሪዝ ፔንስ’ን ማዘዝ ነው። ከዚያ በኋላ ገጹ ወዴትም ቢንቀሳቀስ ርእሱና ስሙ ባሉበት ይቆያሉ።

መደመርና መሙላት

ከቁጥሮቹ መጨረሻ ባለው ባዶ ሴል ላይ ሆኖ ‘አልት’ን ከእኩል ይሆናል ምልክት ጋር መጫን የድምር ቀመሩን ወዲያውኑ ያመጣል። ‘ኢንተር’ ከመጫን በፊት ግን በየትኞቹ ሴሎች ዙሪያ መስመር እንደተሰመረ ማየት ይገባል። ፈተና ያልወሰደ ተማሪ ሴል ባዶ ከሆነ ምርጫው እዚያ ላይ ሊቆም ይችላልና።

ባዶ ሴል ሌላም መዘዝ አለው። የአማካይ ቀመር ዜሮን ይቆጥራል፤ ባዶን ግን ይዘልላል። በመሆኑም ከ10 የትምህርት ዓይነቶች የአንዱ ውጤት ያልተሞላለት ተማሪ አማካዩ ለ9 ተካፍሎ ይወጣል። የትኛው እንደሚፈለግ አስቀድሞ መወሰን የመዝጋቢው ድርሻ ነው።

የመጀመሪያው ተማሪ ቀመር ከተሠራ በኋላ ለ59ኙ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። በሴሉ ታችኛ ቀኝ ጥግ ያለችውን ትንሽ አራት ማዕዘን በማውዝ ሁለት ጊዜ በፍጥነት መንካት ቀመሩን እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ያወርደዋል። ‘ኮንትሮል’ እና ‘ዲ’ ደግሞ የላይኛውን ሴል ይዘት ወደተመረጡት የታችኛው ሴሎች ይገለብጣሉ። በብዙ ሴሎች አንድ ዓይነት ቃል ለመጻፍ ሴሎቹን መርጦ፣ ቃሉን አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ‘ኮንትሮል’ እና ‘ኢንተር’ን መጫን በቂ ነው።

ከ2013 ዕትም ጀምሮ ያለው ‘ፍላሽ ፊል’ ደግሞ ሙሉ ስም ካለበት ዓምድ የተማሪውን ስም ብቻ ለመለየት ያገለግላል። የመጀመሪያውን ናሙና በአጠገቡ ባለው ዓምድ ጽፎ፣ ከሥሩ ባለው ሴል ላይ ‘ኮንትሮል’ እና ‘ኢ’ን መጫን ቀሪውን ያስሞላዋል። ሆኖም መሣሪያው ናሙናውን ተከትሎ የሚገምት እንጂ ስምን የሚያውቅ አይደለም። ‘ኃይለ ማርያም’ ወይም ‘ገብረ ሥላሴ’ ተነጣጥለው ከተጻፉ ‘ኃይለ’ እና ‘ገብረ’ ብቻ ሊቀሩ ስለሚችሉ ውጤቱን በዓይን መቃኘት ግድ ይላል።

መጨረሻውን አንደኛ የሚያደርግ ስህተት

ደረጃ ለማውጣት የሚያገለግለው ‘ራንክ’ የተባለው ቀመር የአንዱን ተማሪ ድምር ከክፍሉ ድምሮች ሁሉ ጋር ያወዳድራል። ድምሮቹ ከ‘ኬ2’ እስከ ‘ኬ61’ ባሉት ሴሎች ቢሰፍሩ፣ የመጀመሪያው ተማሪ ደረጃ በትክክል ይወጣል። ቀመሩ ወደ ታች ሲገለበጥ ግን የማወዳደሪያው ክልል አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ተማሪ ከ‘ኬ3’ ጀምሮ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከራሱ ጋር ብቻ ይወዳደራል። ስለዚህ በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ተማሪ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን 1ኛ ይወጣል።

ይህን የሚያስቀረው አንድ ቁልፍ ነው። ቀመሩ ሲጻፍ ክልሉን መርጦ ‘ኤፍ 4’ን መጫን የዶላር ምልክት ያስገባና ክልሉን ካለበት እንዳይነቃነቅ ይቆልፈዋል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ‘ኤፍኤን’ የሚለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል።

ኤክሴል ሳይጠየቅ የሚለውጣቸው

በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ሲጻፍ ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። 12 እና ከዚያ በላይ አሃዝ ያለው የሒሳብ ደብተር ቁጥር አጥሮ በሌላ ቅርጽ ይታያል፤ ከ15 በላይ ከሆነም ከ15ኛው በኋላ ያሉት አሃዞች በዜሮ ይተካሉ። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚጻፉበት ዓምድ ከመሞላቱ በፊት ‘ቴክስት’ ተብሎ መሰየም አለበት።

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርም ጥንቃቄ ይሻል። ኤክሴል ቀንን የሚያሰላው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ በተስተካከለበት ሁኔታ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም ለማለት 30/02/2016 ቢጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። 13ኛዋን ወር ጳጉሜንንም አያውቃትም። ሌሎቹን ቀኖች ደግሞ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ስለሚይዝ በሁለት ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ይዛባል። ቀን፣ ወር እና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መመዝገብ ከዚህ ችግር ያድናል።

ትንሽ ስህተት፣ ትልቅ ዋጋ

በአሜሪካ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ፣ እ.አ.አ በ2010 ባወጡት የመንግሥት ዕዳ ጥናት የአማካይ ቀመራቸው ከ20 አገራት አምስቱን ሳያካትት ቀርቶ ነበር። ስህተቱ በአንድ ተማሪ ተገኝቶ ይፋ የሆነው በ2013 ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በ2020 የኮቪድ መረጃ የሚያጠናቅረው ተቋም 65,536 ረድፎች ብቻ የሚይዝ የቆየ የፋይል ዓይነት በመጠቀሙ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊ ሪፖርቱ ቀርተው ነበር፤ ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማፈላለጉ ሥራም ዘግይቷል።

ሥራን ከማስረከብ በፊት ሦስት ነገሮችን መፈጸም ብዙ ያተርፋል። አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ ማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ በቅደም ተከተል ሲደረደር አንድ ዓምድ ብቻ ሳይሆን ሠንጠረዡ በሙሉ መመረጡን ማረጋገጥ፤ አለበለዚያ ስም በቦታው ቀርቶ ውጤት ለሌላ ሰው ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ አንዳንድ ረድፍ መርጦ በእጅ ማስላት። አቋራጩ ካተረፈው ሰዓት አሥር ደቂቃው ለዚህ ቢውል፣ ተማሪውም ሠራተኛውም የሚገባውን ውጤት ያገኛል።