የወለጋ ሁለት የውጭ መንገዶች

የወለጋን ታሪክ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምንነሣው በ1882 ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ መገበራቸውን በማውሳት ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አነሣሡ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ተማሪው ነቀምቴን ከመሐል አገር የመጣውን ብቻ ስትቀበል የኖረች ከተማ አድርጎ እንዲገምት ያደርገዋል።

ወለጋን ከውጭው ዓለም ካገናኙት መንገዶች አንደኛው መራራ ነው፤ ይኸውም የባሪያ ንግድ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተማርከውና ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው ምጽዋ ደረሱ፤ በ1870 ነፃ ወጡ። የስዊድን ሚስዮናውያን አስተማሯቸው፤ ትምህርታቸውንም በስዊድን ቀጠሉ። ኋላም ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር በመሥራት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። የአስቴር ድካም ከኦነሲሞስ ስም ጀርባ ተሸፍኖ መቅረቱ፣ በመጽሐፎቻችን ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው። ኦነሲሞስ ነቀምቴ ገብተው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ) ሞረዳ አገር ማስተማር የጀመሩት ከ1904 ወዲህ ነው። እንግዲህ በነቀምቴ መጽሐፉ ትምህርት ቤቱን ቀድሞታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባሮ ነው። በ1902 በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በሱዳን መንግሥት ሲተዳደር ኖሮ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 ነው። የምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደዚያ ወርዶ፣ በእንፋሎት መርከብ በሶባትና በነጭ አባይ በኩል ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ታሪኩም የሚበስለው እዚሁ ላይ ነው። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሞላ ብቻ ሲሆን ቡና የሚለቀመው ግን በበጋ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ለመጠበቅ መጋዘንና ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሁለቱም የነበራቸው በአብዛኛው በጋምቤላ፣ በጎሬና በሳዮ (በዛሬው ደምቢዶሎ) የሰፈሩት የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ነበሩ። ግብር የተጣለበት ገበሬ ግን መርከብ እስኪመጣ ሊታገሥ አይችልም።

በደምቢዶሎ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን «ቡና በየትኛው ወር ይለቀማል? ባሮስ በየትኛው ወር ይሞላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በሁለቱ መካከል ያሉትን ወራት ራሳቸው በጣታቸው ይቆጥሯቸዋል።