ከ1981 እስከ ዛሬ፦ የማይል ዋጋ መርከስና የስደተኛው ቁጠባ

ዋይሊ፣ ቴክሳስ

ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ሀብት ዋጋ ሌላ ወገን በአንድ ሌሊት የሚቆርጥበት ሥርዓት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በኦክቶበር 1992 የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ በቆጣቢው ደብተር ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ በውጭ ምንዛሪ ሲለካ ግን ከግማሽ በላይ አቅሙን አጥቷል። በጁላይ 2024 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። በስደት የምንኖረው ደግሞ ከዚህ ሌላ፣ በኪሳችን ሳይሆን በአየር መንገድ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ሁለተኛ ገንዘብ አለን፤ ማይል ይባላል። ማን እንደሚያትመውና ማን እንደሚያረክሰው ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ገንዘብ የትውልድ ስፍራ ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የአየር መንገዶችን ዋጋ መቆጣጠር እንዲያቆም ያደረገው ሕግ በ1978 ወጣ። በማግስቱ አሜሪካን ኤርላይንስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከኒውዮርክ አንሥቶ ወደ ዳላስ ፎርትዎርዝ አዛወረ፤ በሜይ 1 ቀን 1981 በሮበርት ክራንዳል መሪነት አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አባላት የተመረጡት ሴበር በተባለው የቦታ ማስያዣ ኮምፒውተር ውስጥ ደጋግመው የታዩ የስልክ ቁጥሮች እየተፈለጉ ነበር። ዩናይትድ በቀናት ልዩነት ተከተለ።

በዚያው ዘመን የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ከደርግ ያመለጡ ወገኖቻችንን ወደ ዳላስ ያመጣ ነበር። እነዚያ ሰዎች በዚሁ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዱ፣ መኪና አቆሙ፣ ሌሊት ወለል ጠረጉ እንጂ አልበረሩም፤ ወደ አገር ቤት መብረርማ የማይታሰብ ነበር። ማይል በእጃቸው የገባው በሌላ በር ነው። በ1987 ሲቲባንክ ከአሜሪካን ጋር ሆኖ ለእያንዳንዱ ዶላር ወጪ ማይል የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ አወጣ። ከዚያ በኋላ የታክሲው ቤንዚን፣ የምግብ ቤቱ ዘይትና ሥጋ፣ የልጆች ጫማ ሁሉ ማይል ይወልድ ጀመር። ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ለካርዱ ባለቤት ያድላል። ሳይበር የሚያጠራቅም ሰው የተፈጠረው እንዲህ ነው፤ ከእርሱም ውስጥ የስደተኛው ድርሻ ለየት ይላል። አገሩ የምትከፈትበትን ቀን እየጠበቀ ያስቀምጣልና።

ለመሆኑ ያስቀመጠው የማን ነው? ጥያቄው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1988 አሜሪካን ኤርላይንስ ማይል የማይሠራባቸውን ቀኖች ወሰነ፤ በማይል የሚሰጡ ወንበሮችንም ቁጥር ገደበ። ደንቡ ከዚያ በፊት የተጠራቀመውንም ማይል ስለነካ በኢሊኖይ ያሉ አባላት ከሰሱ። በጃንዋሪ 18 ቀን 1995 የተሰጠው፣ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ የጻፉት ፍርድ ነገሩን ለሁለት ከፈለው፦ በክፍለ ግዛት የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አየር መንገድን በዚህ ጉዳይ መክሰስ የ1978ቱ ሕግ ይከለክላል፤ ውል አፈረሰ ብሎ መክሰስ ግን ይቻላል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ውሉን የጻፈው ራሱ ኩባንያው ነው፤ ደንቡን በማናቸውም ጊዜ የመለወጥ መብቱንም በዚያው ውል ውስጥ አስቀምጧል። በዚያው በ1995 ለአገር ውስጥ የደርሶ መልስ ትኬት 20,000 የነበረው ማይል 25,000 ሆነ።

በ2014 ደግሞ ከኖርዝዌስት ፕሮግራም የተባረሩ አንድ የአይሁድ መምህር ኩባንያው በቅን ልቦና አልሠራም ሲሉ ያቀረቡትን ክስ ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሳይቀበለው ቀረ። በ1960 የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1732 ውሎች በቅን ልቦና ይተርጐሙ ይላል፤ ሕጉ በአገራችን ምን ያህል ሠራ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነውና እዚህ አንገባበትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 2011 የስታር አልያንስ አባል ሲሆን በዩናይትድ ማይል በቀጥታ አዲስ አበባ መግባት ተቻለ። ብዙዎች ደስ አላቸው። ደስታው ግን ረጅም ዕድሜ አላገኘም፤ ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮ ዩናይትድ በአጋሮቹ አውሮፕላን በቢዝነስ ክፍል ለሚበር ሰው በራሱ አውሮፕላን ከሚበረው የበለጠ ማይል ይጠይቅ ጀመር። ዴልታ በ2015 የዋጋ ሠንጠረዡን ጨርሶ ከድረ ገጹ አነሣ፤ ዩናይትድ በ2019፣ አሜሪካን በ2023 ለየራሳቸው በረራዎች ያንኑ አደረጉ። ሠንጠረዥ በነበረ ጊዜ ጭማሪው ቢያንስ ይታይ ነበር። ዛሬ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፈላጊው ብዛት ስለሚዋዥቅ፣ መቼ እንደ ረከሰ እንኳ ማወቅ ያዳግታል።

የማጠራቀሚያውም መንገድ ጠቧል። ከዳላስ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከ16,000 ማይል በላይ ነው፤ ድሮ በርቀቱ ልክ ይቆጠር ነበር። በ2015 ዴልታና ዩናይትድ፣ በኦገስት 2016 አሜሪካን ቆጠራውን ወደ ዶላር ለወጡት። ኩባንያው በራሱ ስም የሸጠውን የ1,200 ዶላር ትኬት የገዛ ተራ አባል በዶላር 5 ማይል ቢታሰብለት 6,000 ብቻ ያገኛል። ሩቅ አገር ያለው፣ ርካሽ ትኬት የሚገዛ ሰው ማለትም እንደ እኛ ያለው ነው የተጎዳው።

ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የተሰደዱት አገር ቤት ለመግባት የቻሉት በ2018 ነው። በእነዚህ 13 ዓመታት ለዚያች ቀን ብለው ማይላቸውን ሳይነኩ ያቆዩት፣ በሩ ሲከፈት ቁጥሩን በቦታው፣ ወንበሩን ግን ርቆ አገኙት። እናት ሞታ መርዶ በስልክ የሰሙና ለቅሶ መድረስ ያልቻሉ ነበሩ በመካከላቸው።

ልብ ይሏል፦ በደንቡ መሠረት ማይል የአባሉ ንብረት አይደለም። ሆኖም በወረርሽኙ ዘመን፣ በጁን 2020፣ ዩናይትድ ፕሮግራሙን 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገምቶ ለብድር መያዣ አቀረበው፤ አሜሪካንም በማርች 2021 በአድቫንቴጅ መያዣነት 10 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ለእኛ ንብረት ያልሆነው ለአበዳሪ ንብረት ሆነ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አራት ታላላቅ አየር መንገዶችን ስለ ማይል ማርከስ መረጃ እንዲሰጡ ጠይቋል። ያ እስኪፈታ ድረስ መቆጠብ አያዋጣም ባዮች ነን፤ ማይል ወለድ የለውምና።

ስሌቱ ቀላል ነው። ትኬቱ በገንዘብ 1,500 ዶላር፣ በማይል ደግሞ 80,000 ማይልና 100 ዶላር ታክስ ቢሆን፣ 1,400ን ለ80,000 ማካፈል ነው፤ አንዱ ማይል 1.75 ሳንቲም ያወጣል። ውጤቱ ከ1 ሳንቲም በታች ከወረደ በገንዘብ መግዛት ይሻላል። ለገናና ለጥምቀት የሚሄድ ሰው ደግሞ ወንበሩን ከወራት በፊት መፈለግ አለበት። አንድ አየር መንገድ የሚጠይቀውን የአጋሩ ፕሮግራም ለዚያው ወንበር በጥቂት ሊሰጥ ስለሚችል ሁለት ሦስቱን ማነጻጸር ይገባል።

በዕድሜ ለገፉት ወገኖቻችን የምንጨምረው አለ። አባሉ ሲሞት ማይሉ እንደ ቤት ወይም እንደ ባንክ ሒሳብ አይወረስም፤ ለወራሽ መስጠትና መንፈግ በኩባንያው ፈቃድ ነው። በሕይወት ሳሉ ግን ትኬቱን በሌላ ሰው ስም ማስቆረጥ ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዳላስ ለሚመጡ እናትም ቢሆን።