ያስጠነቀቁ ሪፖርቶችና የዘገየ እርምጃ፦ የአስቤስቶስ ቁጥጥር ታሪክ ከ1898 እስከ 1999

መንግሥት የፋብሪካዎችን ይዞታ የሚከታተሉ ባለሙያዎችን መድቦ፣ ያዩትንም ጽፈው በየጊዜው እንዲያሳትሙ ማድረጉ ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው። የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው ግን ከ190 ዓመታት ገደማ በፊት በእንግሊዝ አገር ነበር። በ1833 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በጥጥና በሱፍ ፋብሪካዎች እንዳይቀጠሩ ሲከለክል፣ የሕጉን አፈጻጸም የሚከታተሉ አራት ተቆጣጣሪዎች እንዲሾሙም አድርጓል። ተቆጣጣሪዎቹ ወደ ፋብሪካ የመግባትና ሠራተኞችን የመጠየቅ ሥልጣን ነበራቸው። ሪፖርታቸውም ለፓርላማ እየቀረበ ይታተም ስለነበር ማንም ሊያነበው ይችል ነበር። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ከእነዚህ ሪፖርቶች በሰፊው መጥቀሱና ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ የነበሩትን ሌናርድ ሆርነርን ማመስገኑ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ ሪፖርት መታተሙ ብቻውን የሰውን ሕይወት ያድናልን? ለዚህ ጥያቄ የአስቤስቶስን ታሪክ ያህል ግልጽ መልስ የሚሰጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የመጀመሪያዎቹ ማስጠንቀቂያዎች

አስቤስቶስ ቃጫ መሰል የማዕድን ዓይነት ነው። እሳት አያቃጥለውም፤ አይበሰብስም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶና ተፈትሎ ይሸመናል፤ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎም ለጣሪያና ለቧንቧ ይውላል። በእንፋሎት የሚሠሩ ሞተሮች በተስፋፉበት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ሙቀትን ለመከላከል እጅግ ተፈላጊ ሆነ።

በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዎቹ ሴቶች የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች የተቀጠሩት በ1893 ሲሆን፣ ጥቂት ቆይተው ከተቀላቀሏቸው አንዷ ሉሲ ዲን ነበሩ። እኚህ ተቆጣጣሪ የ1898ን ሥራ በሚመለከተው ዓመታዊ ሪፖርት የአስቤስቶስ ሥራ በሠራተኞች ጤና ላይ ጉዳት ማድረሱ ከተረጋገጠባቸው አቧራማ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ገለጹ። ብናኙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መስታወት ስባሪ ጫፉ የሾለ መሆኑን፣ በሥራው ክፍል አየር ውስጥ ሲቆይም ጎጂ መሆኑን አመለከቱ። ሪፖርቱ ታትሞ ለባለሥልጣናት ደረሰ፤ ነገር ግን እርምጃ አላስከተለም።

በ1899 ዶክተር ሞንታጉ መሬይ በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል አንድ የ33 ዓመት ሠራተኛ መረመሩ። ሰውየው በአስቤስቶስ ፋብሪካ ለ14 ዓመታት የሠራ ሲሆን፣ በማባዣው ክፍል አብረውት ከነበሩት አሥር ሰዎች መካከል በሕይወት የቀረው እርሱ ብቻ መሆኑን ለሐኪሙ ነገራቸው። በ1900 ሲሞት በተደረገው የአስከሬን ምርመራ ሳንባው ጠባሳ ለብሶ በውስጡም የአስቤስቶስ ቃጫ ተገኘ። ሐኪሙ ይህንን በ1906 ስለ ሥራ ላይ በሽታዎች ካሣ ለሚያጠናው የመንግሥት ኮሚቴ አስረዱ። ሆኖም በወቅቱ ብናኙን ለመቀነስ ጥረት እየተደረገ ስለነበረ በሽታው ወደፊት ብዙም ላይታይ ይችላል የሚል ግምት አከሉበት። በሽታው ካሣ ከሚያስገኙት ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ቀረ። በዚያው በ1906 በፈረንሳይ አገር ዴኒ ኦሪቦ የተባሉ የሥራ ተቆጣጣሪ በኖርማንዲ በሚገኝ አንድ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ውስጥ ሃምሳ ያህል ሠራተኞች መሞታቸውን ሪፖርት አደረጉ። በ1918 ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በታተመ ጥናት ፍሬድሪክ ሆፍማን የሕይወት መድን ድርጅቶች የአስቤስቶስ ሠራተኞችን ለመመዝገብ እንደማይፈልጉ ጻፉ። አደጋውን ከሁሉ ቀድመው በገንዘብ የተመኑት የመድን ድርጅቶች ነበሩ ማለት ይቻላል።

የ1930ው ጥናት

በ1924 ዶክተር ኩክ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪም ከ13 ዓመቷ ጀምሮ በአስቤስቶስ ሥራ ላይ ተሠማርታ በ33 ዓመቷ የሞተች ሴት ሁኔታ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አሳተሙ፤ በ1927ም በሽታውን አስቤስቶሲስ ብለው ጠሩት። ይህንንና ሌሎች ግኝቶችን ተከትሎ የመንግሥት የሕክምና ተቆጣጣሪ የነበሩት ዶክተር ሜሪዌዘር ከመሐንዲሱ ተቆጣጣሪ ከፕራይስ ጋር ሆነው ሰፊ ጥናት አካሄዱ። ከመረመሯቸው 363 ሠራተኞች መካከል በ95ቱ፣ ማለትም ከሩብ በሚበልጡት ላይ የሳንባ ጠባሳ ተገኘ። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠሩት ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆኑት ታመው ነበር። በ1930 የወጣው ይህ ሪፖርት በሽታው በብናኙ መጠንና በሥራው ዘመን ርዝመት ልክ እንደሚጨምር በማያሻማ መንገድ አሳየ። የተጠኑት ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ብቻ በመሆናቸው፣ ታመው የወጡትና የሞቱት ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው ጉዳት ከተመዘገበው የበለጠ እንደነበረ መገመት ይቻላል።

ሪፖርቱ በዚህ ጊዜ ፍሬ አፈራ። በ1931 የብናኝ መቆጣጠሪያ ደንብ ወጣ፤ የሕክምና ምርመራና የካሣ ሥርዓትም ተዘረጋ። ነገር ግን ደንቡ ሁለት ትላልቅ ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ የሚመለከተው በፋብሪካ ውስጥ በዝርዝር የተጠቀሱ የምርት ሥራዎችን ብቻ ነበር። በመርከብ መሥሪያዎችና በሕንፃ ሥራ ላይ አስቤስቶስን የሚቆርጡትና የሚለጥፉት እጅግ በርካታ ሠራተኞች ከጥበቃው ውጭ ቀሩ። ሁለተኛ፣ ከ1931 እስከ 1968 ባሉት ዓመታት ደንቡን በመጣስ የተከሰሱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ነበር፤ ብናኙ ግን በአየር ላይ ቆየ።

ካንሰር ሲገለጥ

ዶክተር ሜሪዌዘር የ1947ን ሥራ በሚመለከተው ዓመታዊ ሪፖርት አስቤስቶሲስ ኖሯቸው የሞቱ 235 ሰዎችን መዝገብ አቀረቡ። ከእነዚህ ውስጥ 13.2 በመቶ የሚሆኑት የሳንባ ካንሰር ነበረባቸው። በሲሊኮሲስ ከሞቱት መካከል ግን ካንሰር የተገኘባቸው 1.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በ1955 ሪቻርድ ዶል በአንድ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሠሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ አሥር እጥፍ ያህል መሆኑን አሳዩ። ድርጅቱ ጽሑፉ እንዳይወጣ ቢጥርም ዶል በስማቸው አሳተሙት።

በ1960 ደግሞ ዋግነርና ባልደረቦቻቸው ከደቡብ አፍሪካ የአስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን መዘገቡ። ብዙዎቹ ማዕድን ቆፋሪዎች ሳይሆኑ በልጅነታቸው በማዕድኑ አቅራቢያ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በ1965 በለንደን የወጣ ጥናትም የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶችና በፋብሪካ አቅራቢያ የኖሩ ሰዎች በዚሁ ካንሰር መያዛቸውን አረጋገጠ። አደጋው ከፋብሪካው አጥር ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት መግባቱ በዚህ ታወቀ።

እንግሊዝ ሰማያዊውንና ቡናማውን አስቤስቶስ በ1985 በወጣ ደንብ፣ ነጩን ደግሞ በ1999 ከለከለች። ከሉሲ ዲን ሪፖርት እስከ ሙሉው ክልከላ 101 ዓመት መሆኑ ነው። ከብናኙ ጋር ከተገናኙበት ጊዜ እስከ ሜሶቴሊዮማ መታየት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ፣ ክልከላው ከወጣ ከሃያ ዓመታት በኋላም በዚያች አገር በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ካንሰር ሲሞቱ ቆይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በመላው ዓለም በሥራ ላይ በደረሰ የአስቤስቶስ ጉዳት ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደሉት ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ተጠያቂነት ነው፤ ሪፖርቱን የተቀበለው አካል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያስገድደው አልነበረም። ሁለተኛው የተሟላ ቆጠራ ነው፤ ሥራ የለቀቁት፣ የሞቱትና ፋብሪካ ውስጥ የማይሠሩት ለረጅም ጊዜ አልተቆጠሩም፤ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በደንብ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ሦስተኛው ክትትል ነው፤ ደንብ ከወጣ በኋላ መከበሩን የሚያረጋግጥ ቅጣት ከሌለ ደንቡ ምክር ሆኖ ይቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የሚሠራው ጭሱን ያየው ሰው ሲናገር ብቻ ሳይሆን፣ ቅጠሉን የያዘውም ሲሰማ ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ የመጀመሪያው ቀለበት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐኪም ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ሕመምተኛው ምን ሥራ እንደሚሠራ መጠየቅ እንዳለበት አሳስበው ነበር። የማያቋርጥ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይዞት የመጣ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ተብሎ በመዝገብ ሊሠፍር ይችላል፤ በምን ሥራ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ ካልተጻፈ ግን የበሽታው ምንጭ ከመዝገቡ ውስጥ ይጠፋል። ዶክተር መሬይ በ1899 ስለ ማባዣው ክፍል አሥር ሰዎች ሊያውቁ የቻሉት ሕመምተኛው ስለ ሥራው የሚናገረውን በማዳመጣቸው ነው። ዘጠኙን ባልደረቦቹን በሕይወት እያሉ ጠይቆ ያሠፈረላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ኮሚቴው በ1906 የሚያየው ማስረጃ ከአንድ ሰው አስከሬን የሰፋ በሆነ ነበር።